የትምህርት ቤት ማይክ የሰፈር አማና ነው



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። «ኡማው ስንት ጉዳይ እያለበት ስለ ሚኒ ሚዲያ?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ታገሱንና አብረን እናስበው።

ሚኒ ሚዲያ ምን እንደሆነ ለከተማ ልጅ አይነገረውም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ወይ ሁለት ማይክ፣ ምሰሶ ላይ የታሰሩ ድምፅ ማጉያዎች፣ ከዚያ ደግሞ ጽሑፋቸውን በደብተር ቅዳጅ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች። ጠዋት ከሰልፍ በፊት ዜና፣ በእረፍት ሰዓት ጠቅላላ እውቀት፣ ግጥም፣ ቀልድ፣ ማስታወቂያ፣ ዘፈን። የክበቡ ተጠሪ መምህር ጽሑፉን ያያል፤ ቀሪውን የሚሠሩት ተማሪዎቹ ናቸው። ጋዜጠኛውም ተማሪ፣ ቴክኒሻኑም ተማሪ፣ አድማጩም ተማሪ።

እንግዲህ ይህ ማለት በየሰፈራችን በተማሪ የሚመራ ትንሽ ሬዲዮ አለ ማለት ነው። አንቴና የለውም እንጂ የሬዲዮ ሥራ ሁሉ እዚያ አለ። የዛሬው ነጥባችንም አጭር ነው፦ በቀራንዮም ሆነ በሌላ ከተማ ያለህ ሙስሊም ተማሪ፣ ከዚህ ማይክ አትሽሽ። ግባበት። ስትገባም ማይኩን የራስህ መድረክ አታድርገው፤ ፊቱን ወደ ሰፈርህ አዙረው።

*ሰፈራችን ምን አላት?*

ቀራንዮን እንይ። የአዲስ አበባ ምዕራብ ጫፍ ናት፤ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ስም ግማሹ ከሷ የመጣ ነው። ከቀራንዮ እስከ ቤተል፣ ከአየር ጤና እስከ ኮልፌ ያለው ሕዝብ የተቀላቀለ ሕዝብ ነው። ስልጤው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጋሞው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግድግዳ ተጎራብቶ ይኖራል። ሱቅ ያለው፣ ቦንዳ የሚያዞረው፣ ታክሲ የሚያሽከረክረው፣ እንጀራ ጋግሮ የሚሸጠው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉም አለ።

ይህ ሕዝብ ወሬ እንዴት ይደርሰዋል? ቴሌቪዥኑ ስለ አገር ያወራል። ኤፍ ኤሙ ስለ ኳስ ያወራል። ፌስቡኩ ስለ ሁሉም ያወራል። ውሃ በየትኛው ቀን ተራው ቀራንዮ እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያው መቼ ክትባት እንደሚሰጥ፣ የጠፋው ልጅ የማን እንደሆነ፣ የተገኘው መታወቂያ የት እንደተቀመጠ የሚናገር ግን ጣቢያ የለም። ከጎረቤት ለጎረቤት ሲነገር የደረሰው ደረሰው፤ ያልደረሰው ጀሪካኑን ይዞ ባዶ ቧንቧ ስር ይቆማል።

አባቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። የእድር ጡሩምባ ነፊን አስታውሱ። ጎህ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል። የመስጂዳችን ማይክም ጀናዛ ሲኖር እንዲሁ ያደርጋል፤ ሰውም ወደ ኮልፌው የሙስሊም መቃብር ይጎርፋል። ጡሩምባ ነፊው ፈቃድም ስቱዲዮም ሳይኖረው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነበር ብንል አላጋነንም። ሁለት ነገር ነበረው፤ የታመነ ነበር፣ ሰፈሩንም በደጅ በደጁ ያውቃል። ያለ እነዚህ ሁለቱ ማንኛውም ጣቢያ፣ የሚሊዮን ብር ማሰራጫ ቢተከልለትም፣ ጩኸት ብቻ ነው።

ታዲያ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚቀመጠው ማይክ የዚያ ጡሩምባ ወራሽ መሆን ለምን ያቅተዋል? በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ተማሪ ጠዋት ይሰለፋል። እያንዳንዱ ከአንድ ቤት ነው የመጣው፤ ማታ ወደ አንድ ቤት ይመለሳል። ጠዋት በማይክ የተነገረ አንድ ጠቃሚ ነገር ማታ በሺህ ቤት ሊገባ ይችላል። ቤት ለቤት ማሰራጫ ማለት ይሄ አይደል?

*ሬዲዮ የኛ ጉዳይ ነውን?*

አገራችን ሬዲዮ ካወቀች ቆይታለች። በ1927 ዓ.ም አቃቂ ላይ ጣቢያ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሬዲዮ ማለት የመንግሥት ድምፅ ነበር፤ ሕዝቡ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም ሲመጡ አድማጭ ስልክ ደውሎ መናገር ለመደ። ዩኒቨርሲቲዎችም ጀመሩ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 99.4 እና የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ተማሪ ተምሮ የሚወጣባቸው፣ የአካባቢው ሰውም የሚሰማቸው ጣቢያዎች ሆኑ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን እስካሁን በእጁ ያለው ያው ሚኒ ሚዲያው ነው።

የኛ የሙስሊሞች ታሪክ ደግሞ ከድምፅ ጋር ልዩ ቁርኝት አለው። በ1990ዎቹ የዳዕዋና የመንዙማ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ጣቢያ ባልነበረን ጊዜ ካሴቱ ጣቢያችን ነበር። በ2004 ዓ.ም ደግሞ «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው ሰላማዊ እንቅስቃሴ የተነሳው ከአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ከአወሊያ ተማሪዎች ነው። ያ ትውልድ ለዚያ ቃል ዋጋ ከፍሏል። አሁን ግን ቃሉን ቆም ብለን እንየው። «ይሰማ» የሚል ሰው ሰሚ ይፈልጋል። ሰሚ የሚፈልግ ሰው ደግሞ እሱም የሌላውን መስማት አለበት። ድምፁ እንዲሰማ የጠየቀ ኡማ፣ ያልተሰሙትን የሰፈሩን ሰዎች ለማሰማት ከማንም በፊት መነሳት ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ወደ ዲናችንም እንመለስ። አዛን እንዴት እንደተጀመረ ታውቃላችሁ። ሰዎችን ወደ ሶላት በምን እንጥራ ተብሎ ምክክር ሲደረግ ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ቃላቱን በህልሙ አየ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ህልሙ እውነት መሆኑን አረጋገጡለት፤ ሆኖም ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምረውና ቢላል እንዲጠራ አዘዙ። ለምን? የቢላል ድምፅ ይበልጥ ያማረና ሩቅ የሚሄድ ስለነበር። ከዚህ ብዙ ትምህርት እንወስዳለን። ሐሳቡን ያመጣው አንድ ሰው፣ ያሰማው ሌላ ሰው። ድምፅ የአላህ ስጦታ ነው፤ ስጦታው ለጀመዓው ጥቅም ይውላል። ያንን ድምፅ የያዘው ደግሞ የኛው አገር ልጅ፣ ትናንት ባሪያ ነህ ተብሎ አፉ የተዘጋ ሰው ነበር።

ወጣትነትም ሰበብ አይሆንም። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ታላላቅ ሰሓቦች ያሉበትን ጦር እንዲመራ ሲሾም ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ዘይድ ኢብኑ ሳቢትም (ረ.ዐ) በወጣትነቱ ነው የወሕይ ጸሐፊ የሆነው፣ በኋላም ቁርኣንን የመሰብሰብ ከባድ አማና የተሰጠው። አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ልጅ «ገና ልጅ ነኝ» ብሎ የሰፈሩን ውሃ ተራ ማንበብ ሊያቅተው አይገባም።

*ለምን ይሸሻል?*

በየትምህርት ቤቱ ሙስሊም ተማሪዎችን ብትጠይቁ ከሚኒ ሚዲያ የሚያርቃቸው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛው ዘፈን ነው። «እዚያ የሚሰማው ዘፈን ነው፤ ምን ላደርግ እገባለሁ?» ይላሉ። ጥያቄው የዲን ጥያቄ ነውና አናቃልለውም። ግን እናስብ። የእረፍት ሰዓቱ በዘፈን የሚሞላው በአብዛኛው የተዘጋጀ ፕሮግራም ስለሌለ ነው። ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ሲጠፋ ዘፈን ይለቀቃል። የአሥር ደቂቃ የተዘጋጀ ዝግጅት ያለው ቡድን ለዘፈን የሚተርፈውን ሰዓት ይቀንሳል። ዘፈን አጫዋች ሁን አላልንህም፤ የአንድ ቀን ፕሮግራም ኃላፊ ሁን ነው ያልነው። በዚያ ቀን የሚሰማውን የምትወስነው አንተ ነህ።

ሁለተኛው የእህቶቻችን ጥያቄ ነው፤ የሴት ድምፅ ዐውራ አይደለም ወይ? ዑለማዎች በዚህ ላይ ተወያይተዋል፤ ብዙዎቹም የሴት ድምፅ በራሱ ዐውራ እንዳልሆነ፣ የተከለከለው ድምፅን ማለስለስና ማሽኮርመም እንደሆነ ያስረዳሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ታላላቅ ሰሓቦች ሳይቀሩ እየጠየቋቸው ዒልም ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ አንዲት እህት በሐያእና በቁም ነገር ስለ ፈተና ዝግጅት፣ ስለ እናቶች ጤና፣ ስለ ሰፈሩ ችግር ብትናገር ነውሩ የቱ ጋ ነው? ማይክ ፊት መቆም የማትፈልግ ደግሞ ሌላ ሥራ ሞልቷል። ጽሑፍ ማዘጋጀት አለ፣ ማረም አለ፣ መቅዳት አለ፣ ከሁሉም የሚከብደው ወሬውን ሄዶ ማጣራት አለ። ማይክ ፊት ያልቆመ ሰው ከጣቢያው ውጭ ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው «የኛ አይደለም» የሚለው ስሜት ነው። ይሄኛው ነው እኛን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን። አንድ ሙስሊም ተማሪ በክፍሉ ጎበዝ ሆኖ፣ በኳስ ሜዳ ጎበዝ ሆኖ፣ ክበብ ሲባል ግን ጥግ ይይዛል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ እዚያም ጥግ ይይዛል። ከዚያ «በሚዲያ ላይ የኛ ሰው የለም» እንላለን። ሰው በአንድ ቀን ጋዜጠኛ አይሆንም። ዛሬ ኤፍ ኤም ላይ የምንሰማቸው ብዙ ድምፆች የተሟሹት በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ማይክ ያልያዘ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ ቢሰጠው እጁ ይንቀጠቀጣል።

*ማይኩ ሚንበር አይደለም*

እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ሚኒ ሚዲያ ግቡ ስንል እዚያ ገብታችሁ ዳዕዋ አድርጉ ማለታችን አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁሉም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ለኛም ጋሻ ነው፤ ሌላው በማይኩ እንዲሰብክብን የማንፈልግ ከሆነ እኛም አንሰብክበትም። ለዳዕዋ መስጂድ አለን፣ መድረሳ አለን፣ አልሐምዱሊላህ የራሳችን ቴሌቪዥኖችና ገጾችም አሉን።

«ታዲያ ዳዕዋ ካልሆነ ምን አጅር አለው?» ለሚል ሂልፉል ፉዱልን እናስታውሰው። ከነቢይነት በፊት መካ ውስጥ አንድ የየመን ነጋዴ ሸቀጡን ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ። የቁረይሽ ሰዎች በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለ ሰው የማንም ወገን ይሁን ሐቁ እስኪመለስለት አብረው ሊቆሙ ተማማሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያኔ ወጣት ነበሩ፤ በስምምነቱም ተገኝተዋል። ከነቢይነት በኋላም ያንን ስምምነት በመልካም ያነሱት ነበር፤ በእስልምና ዘመንም ወደ እንዲያ ያለ ነገር ቢጠሩ እንደሚሄዱ ተናግረዋል። በዚያ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም። ሐቅ ግን ሐቅ ነው። የጎረቤትህ የክርስቲያኗ እናት ልጅ ሲጠፋ በማይክህ ብታፈላልግላት፣ አላህ ዘንድ የሚጠፋ ሥራ አይደለም።

*ወሬ ሲጋጋል*

ነገሩ ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኅዳርና ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ከኦሮሚያ ክልል ባንዲራና መዝሙር ጋር በተያያዘ ግጭት ተነስቶ ነበር። ተማሪ ተጎዳ፣ ትምህርት ተቋረጠ። የጉዳዩን ፖለቲካ ለባለቤቶቹ እንተው። እኛ የምናነሳው አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ባለ ቀን ተማሪውም ወላጁም ወሬውን የሚሰማው ከየት ነው? ከማያውቀው ሰው ገጽ፣ የት እንደተቀረጸ ከማይታወቅ ቪዲዮ። አንድ ግቢ ውስጥ የተነሳ ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይሰራጫል፤ ሦስቱም ደም ያፈላል።

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የሚመጣን ሰው ዝም ብለን እንዳናምን፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት እንድናጣራ አዞናል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ ማውራት ብቻውን ሰውን ውሸታም ለማድረግ እንደሚበቃ አስተምረውናል። አስቡት፤ ይህ ትእዛዝ የወረደለት ኡማ ልጆች በየትምህርት ቤቱ የማጣራትን ሥራ በእጃቸው ቢይዙ! ጠዋት ተነስተው «ትናንት እንዲህ ተባለ፤ እኛ ሄደን ርዕሰ መምህሩን ጠየቅን፣ የነበሩትንም ጠየቅን፣ እውነቱ ይህ ነው» ቢሉ! ተማሪው የሚያምነው የራሱን የክፍል ጓደኛ ነው። ይህ እምነት ደግሞ ረብሻ በተነሳ ቀን አይገዛም። በውሃ ተራና በጠፋ መታወቂያ፣ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ እውነት በመናገር ነው የሚጠራቀመው።

ሌላም እሳት አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችንም እናውቃለን፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና አራቱና ከዚያ በላይ የሚሆነው ያላለፈበት አገር ውስጥ፣ የእረፍት ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ትንሽ አይደለም። ባለፈው ዓመት ጥሩ ያመጣ የሰፈር ልጅ ጠርታችሁ እንዴት እንዳጠና ጠይቁት። የሒሳብ መምህሩን በሳምንት አንድ ጥያቄ በድምፅ እንዲያብራሩ ለምኗቸው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መንግሥት ራሱ ያስተማረው በሬዲዮና በቴሌቪዥን አልነበረም እንዴ?

*ፈቃዱስ? ገንዘቡስ?*

«ሬዲዮ ፈቃድ ይፈልጋል» የሚል ሰው ትክክል ነው። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 መሠረት በአየር ሞገድ ለማሰራጨት ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። አዋጁ ለትርፍ ላልቆመ የማኅበረሰብ ብሮድካስትም ቦታ ሰጥቷል። ለአንድ ትምህርት ቤት ግን ወጪውም፣ ሞገዱም፣ ቴክኒኩም ከባድ ነው። ስለዚህ ማንም ተነስቶ ማሰራጫ ገዝቶ ጣሪያ ላይ እንዳይሰቅል። በሕግ ያስጠይቃል።

መንገዱ ሌላ ነው። በሌላው ዓለምም የተጀመረው ከትንሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፖርትላንድ ከተማ ቤንሰን የተባለ የሙያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ በ1923 የራሱን ሬዲዮ ጀመረ፤ ጣቢያው ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል። ወደ አህጉራችን ስንመጣ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ቡሽ ሬዲዮ አለ። በአፓርታይድ ጊዜ ጥቁሩ ሕዝብ የሬዲዮ ፈቃድ አያገኝም ነበር። የኬፕ ታውን ልጆች ምን አደረጉ? የሰፈራቸውን ጉዳይ በካሴት እየቀዱ አዞሩት። ፈቃዱ በ1995 ሲመጣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ተዘጋጅቶ ነበር። ከኛው የመንዙማ ካሴት ጋር አይመሳሰልም?

የዛሬው ካሴት በኪሳችን ነው። ጠዋት በሚኒ ሚዲያው የቀረበው ዝግጅት በስልክ ተቀድቶ በቴሌግራም ድምፅ ሆኖ ቢለቀቅ፣ ለወላጅም ለሰፈርም ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ ያለ አባት ይሰማዋል፤ እንጀራ የምትጋግር እናት ትሰማዋለች። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ድምፅ ከማንኛውም ጽሑፍ ይበልጣል። በስልጢኛ፣ በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ሁለት ሁለት ደቂቃ ብትጨምሩበት፣ አማርኛ የማይቀናቸው የሰፈራችን እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ሰፈራቸው ወሬ በቋንቋቸው ይነገራቸዋል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገር ልጅ ሞልቷል።

ከዚያ ወዲያ በሩ ይከፈታል። የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ኤፍ ኤም 94.7 የተባለ የራሱ ጣቢያ አለው። የትምህርት ጣቢያ ሆኖ ሳለ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለየክፍለ ከተማው ተማሪዎች፣ ዘንድሮ ለኮልፌ ቀራንዮ፣ ቀጥሎ ለጉለሌ፣ ለየካ እያለ ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል? ፈቃዱ አለ፣ ማሰራጫው አለ። የቀረው ጥሩ ዝግጅት ይዞ በሩን የሚያንኳኳ ተማሪ ነው። ይህንን ለቢሮው እንደ ጥያቄ እናቀርባለን። አገራችን እ.ኤ.አ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳላቸው ይናገራልና ልመና አይደለም።

*እንዴት እንጀምር?*

*ተማሪዎች፦* አምስት ሆናችሁ ተነሱ። አምስቱም ሙስሊም አትሁኑ፤ ክርስቲያን ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። ሰፈሩ የተቀላቀለ ነው፣ ጣቢያውም እንዲሁ ይሁን። ተጠሪ መምህሩን አንድ ቋሚ ቀን ጠይቁ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ይበቃል፦ ሦስት የሰፈር ማስታወቂያ፣ አንድ የተጣራ ዜና፣ አንድ የሰፈር ሰው ቃለ ምልልስ። ሊስትሮውን፣ ነርሷን፣ ጡሩምባ ነፊውን፣ ትራፊኩን ጠይቁ። አንድ ሕግ ይኑራችሁ፤ ሁለት ሰው ያላረጋገጠው ወሬ አይነበብም። የሰው ስም አታንሱ፣ የተማሪ ገመና አትንኩ፤ በማይክ የሚደረግ ሐሜትም ሐሜት ነው፤ እንዲያውም የከፋ ነው። ስትቀዱ መስኮት ዝጉ፣ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቁ፣ ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ። ስቱዲዮ ማለት ይሄው ነው።

*መምህራንና ርዕሳነ መምህራን፦* ማይኩን ለማስታወቂያና ለቁጣ ብቻ አታውሉት። ጽሑፍ ማየት ተገቢ ነው፤ ልጁ «የመጸዳጃ ቤት ውሃ የለም» ብሎ ስለጻፈ ብቻ ግን ጽሑፉን አትጣሉበት። እውነቱን በጨዋ ቃል የተናገረ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ጠላት አይደለም። ሒጃብ የለበሰች ልጅ ለማይኩ ስትመጣም እንደ ማንኛዋም ተማሪ በችሎታዋ መዝኗት።

*ወላጆች፦* «ትምህርትህን ትተህ ማይክ ለማይክ» አትበሉ። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሦስት ገጽ ያነብባል፤ በሰው ፊት መናገርንም ይማራል። ይህም ትምህርት ነው።

*የመስጂድ ጀመዓዎችና ነጋዴዎቻችን፦* በየረመዷኑ እጃችሁ አይታጠፍም፣ አላህ ይቀበላችሁ። የሰፈራችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማይኩ ተበላሽቶ ከሆነ አስጠግኑለት። ለሙስሊም ልጆች ብላችሁ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ ብላችሁ ስጡ፤ በደረሰኝ፣ በግልጽ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ። ያ ማይክ ኸይር እስከተናገረበት ድረስ ሰደቃ ጃሪያ እንዲሆንላችሁ አላህን እንለምናለን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ትልቅ ነገር እስኪመጣ እየጠበቅን ትንሹን አንናቅ። የቴሌቪዥን ጣቢያ መክፈት የጥቂቶች ዕድል ነው፤ ጠዋት ማይክ ፊት ቆሞ «ነገ ውሃ የሚመጣው ለታችኛው ቀራንዮ ነው፣ አዛውንት ጎረቤት ያላችሁ ጀሪካናቸውን ሙሉላቸው» ማለት ግን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ አቅም ነው። አንድ አዛውንት በዚያ ቀን ውሃ ካገኙ ጣቢያው ሠርቷል።

አላህ ምላሳችንን ከውሸትና ከከንቱ ወሬ ይጠብቅልን። ድምፃችንን ለኸይር፣ ጆሯችንን ለተበደለ ያድርግልን። ለተማሪዎቻችን ኒያቸውን ያስተካክልላቸው፣ ለሰፈራቸው የሚጠቅሙ ያድርጋቸው። አሚን።

በትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ የምትሠሩ ካላችሁ ለጓደኞቻችሁ አድርሱት፤ ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ተነጋገሩበት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።